መጋረጃ ብዬ የጻፍሁት ነዳጅ

ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቱ አንድ ጃንጥላና አንድ የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ። ጃንጥላው ለዝናብ ነው። ሰዓቱ ግን ዕድሜ ልኩን የምሳ ሰዓት ሲጠባበቅ ለኖረ ሰው ምን ይሁነው ተብሎ እንደተገዛ አልገባኝም። ባለቤቴ ወይዘሮ አገር ቢቸና ባለው ቤታችን ከአልጋዬ ፊት ለፊት ሰቀለችው። ቀኑን ሙሉ ሲቆጥር እሰማዋለሁ። ደጃፍ ላይ ባጃጅ ሲቆም ብቻ አልሰማውም፤ ያኔ የራሴ ልብ ይበልጠዋል።

ፈሪ ነኝ። ይህን መጀመሪያ መናገሬ፣ ኋላ ላይ አንባቢ ራሱ ደርሶበት እንዳይስቅብኝ ነው።

ሥራዬ በጀት ነበር። በጀት ስል ሰው ሁሉ ገንዘብ ስይዝ የኖርሁ ይመስለዋል፤ አማቼ እንደዚያ እንዳሰቡ ነው የሞቱት፣ አዝኜላቸዋለሁ። እኔ ገንዘብ አልያዝሁም። ገና ያልመጣን ገንዘብ ክርስትና የማነሣ ሰው ነበርሁ፤ አንተ ጠመኔ ነህ፣ አንተ የድልድይ ጥገና ነህ፣ አንተ መድኃኒት ነህ እያልሁ በየመሥመሩ ስም አወጣለሁ። በአንድ ስም የተፈቀደ ለሌላ አይውልም። እንዲውል ከተፈለገ ዝውውር የሚባል ደብዳቤ ይጻፋል፣ ኃላፊ ይፈርማል፣ ማህተም ያርፍበታል። ሥራዬ ይኸው ነው።

በዚህ ሥራ ለአራት ጦርነት በጀት ሠርቻለሁ። አንድም ጥይት ተኩሼ አላውቅም፤ ሲተኮስም ከሁሉ ቀድሜ ጠረጴዛ ሥር እገኛለሁ። ሆኖም ጦርነት ሰው እንደሚያወራው በመድፍ አይጀምርም። እኔ ባየሁት የሚጀምረው በደብዳቤ ነው። "ከየመሥመሩ ተቀንሶ" የሚል ሐረግ ያለበት ደብዳቤ ሲመጣ፣ ሬዲዮው ገና ምንም ሳይል እኔ ሆዴን ይቆርጠኛል። ሆዴ እንደ ሬዲዮው ተሳስቶ አያውቅም።

የተቀጠርሁት ቢቸና ነው፣ በደርግ ዘመን፣ ጦርነቱ ሰሜኑን እየበላ ወደኛም ወጣት የሚመለምል ሰው በሚመጣበት ጊዜ። የተቀጠርሁት በእጅ ጽሑፌ ነው። መልክ ሲከፋፈል የቀረብኝ ነገር እጄ ላይ ተጠራቅሞ ኖሮ ጽሕፈቴ እንደ ብራና ጸሐፊ ነበር። አለቃዬ ጋሽ ድረስ ይባሉ ነበር። ቅኔ ቤት ብዙ ዓመት ቆይተው፣ በመጨረሻ አግብተው፣ ልጅ ሲመጣ ቢሮ የገቡ ሰው ናቸው። ራሰ በራ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ግን ማኅሌት የቆመ ሰው ድምፅ ነው። "ለወረቀትና ለካርቦን" የምትለዋን መሥመር እንኳ ሲያነቧት ሰው ቆሞ የሚሰማ ይመስላል።

ጋሽ ድረስ እርሳሳቸውን በምላጭ ነው የሚቀርጹት፤ ሹሉን በጣታቸው ሞክረው "አሁን ይናገራል" ሲሉ ነው ሰፊው ቅጽ የሚዘረጋው። መሥመር ሁሉ መጀመሪያ በእርሳስ ይጻፋል። እኔ ስሙን ስጽፍ እሳቸው ከበላዬ ቆመው፦

"የማን ነው?" ይሉኛል።

"የጤና ጣቢያው።"

"ጤና ጣቢያ ሰው አይደለም። የማን ነው?"

"የ... የታማሚዎች።"

"የትኛው ታማሚ?"

አንድ ሰው በስሙ እስክጠራ ድረስ ቀለም አያስነኩኝም። ስለዚህም ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሌላው ሠራተኛ ጠጅ ቤት ሲሄድ እኔና እሳቸው ጤና ጣቢያ እንሄዳለን። መደርደሪያውን ያያሉ፣ ባዶውን ጠርሙስ አንሥተው ያሸታሉ፣ አግዳሚው ላይ የተቀመጠውን ሰው "ምንህን ነው? ከየት መጣህ?" ይላሉ። ሰኞ ያ ሰው በቅጹ ላይ ይገባል። በቁጥር ነው የሚገባው፤ እኔ ግን አውቀዋለሁ። ይህ ሁሉ በጊዜው እብደት ይመስለኝ ነበር። ጠጅ ቤቱ ነበር የሚናፍቀኝ።

አንድ ዓመት ያ ደብዳቤ መጣ። ለጦርነቱ የሚሆን ከየመሥመሩ ይቀነስ ይላል። ደመወዛችን ቀድሞ ተነክቷል፤ የአንድ ወሩን በፈቃዳችን ሰጥተናል ተብሏል፣ ፈቃዳችንን ከማን እንደጠየቁ እግዜር ይወቅ። አሁን የመድኃኒቱ ተራ ነበር። የሚቀንሰው ሰው ከደብረ ማርቆስ እንደሚመጣ ተነገረን። ጋሽ ድረስ እርሳሳቸውን ቀረጹና የመድኃኒቱን መሥመር እንደ ሥጋ ይከትፉት ጀመር። የቁስል መጠቅለያውን "የጽዳት ጨርቅ" አሉት። አልኮሉን "የጽሕፈት መኪና ማጽጃ"። አዮዲኑን "ቀለም"። ጻፍሁላቸው፤ ያን ቀን የብራና ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት ሆነ።

ከማርቆስ የመጣው ሰው ሽጉጡን ጠረጴዛዬ ላይ አኑሮ ቅጹን ገለጠ። ወፍራም ወፍራሙን መሥመር ነው የሚፈልገው። ቀጫጭኑን በጣቱ ዘለለ፤ አንዷ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ይህን ያህል ቀለም ምን ታደርጉበታላችሁ?" አለ።

ጋሽ ድረስ ሳይቸኩሉ፣ "ጓድ፣ እኛ ብዙ እንጽፋለን" አሉት።

ሰውየው እኔን አየኝ። ላቤ ቅጹ ላይ ጠብ ብሎ አንዱን ዜሮ አስፋፍቶታል። "ይኸስ ምን ሆኗል?" አለ።

"ወባ አለበት" አሉ ጋሽ ድረስ።

ሰውየው ሽጉጡን አነሣና ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

ይህን ታሪክ ሕይወቴን ሙሉ እያሳቅሁበት አውርቼዋለሁ። ስናገር ግን ግማሹን እተወዋለሁ፤ የተውሁት ግማሽ ነው በኋላ ጉድ የሠራኝ። ጋሽ ድረስ መሥመሩን ከመክተፋቸው አንድ ቀን ቀድሞ እኔን አስከትለው አስተዳዳሪው ዘንድ ገቡ፣ በር ዘጉ፣ የትኛው መድኃኒት በየትኛው ስም እንደሚገባ አንድ በአንድ ነገሩት። አስተዳዳሪው መስኮት መስኮቱን ሲያይ ቆይቶ "እኔ አልሰማሁም፤ ግን ገብቶኛል" አለ። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደው ቁስል ለሚያክመው ለድሬሰሩም እንደዚሁ ነገሩት። ስንመለስ መንገድ ላይ፦

"ታደለ፣ ስትደብቅ ለሚፈርመውና ለሚጠቀመው ንገር" አሉኝ። "ለአንዱ ብቻ ከነገርህ ሌባ ትሆናለህ። ለማንም ካልነገርህ ደግሞ የደበቅኸው የማንም አይደለም።"

"እሺ ጋሼ" አልሁ። እሺ ማለት ጎበዝ ነበርሁ።

ደርግ ወደቀ። በሚያምር ጽሕፈቴ የሞላኋቸው ቅጾች ከግምጃ ቤት ወጥተው ገበያ ላይ የስኳርና የጨው መጠቅለያ ሆኑ፤ አንድ ቀን የራሴን በጀት ከነጨው ገዝቼ ቤት ገብቻለሁ። ጋሽ ድረስም በጡረታ ወጥተው ብዙ ሳይቆዩ አረፉ። እኔ ወደ ሞጣ ተዛወርሁ። ቅጹም ተለወጠ፣ እርሳስ ቀረ፣ ኮምፒዩተር መጣ፤ ገንዘቡ ለየወረዳው በቀመር መከፋፈል ጀመረ። ቀመሩን የሚረዳው ሰው ማን እንደሆነ ሠላሳ ስብሰባ ተቀምጬ አላወቅሁም። የወረዳው ካቢኔ ቁጥሩ ላይ አይከራከርም ነበር፤ ክርክሩ የማን ቀበሌ መንገድ ይቅደም በሚለው ነው። በመካከሉ የድንበሩ ጦርነት መጣ፣ መዋጮ ሰበሰብን፤ ኋላም የሰሜኑ መጣ፣ በሬ፣ ስንቅና ብርድ ልብስ ሰበሰብን። በየጊዜው ከየመሥመሩ ተቀነሰ። ሁለቱም ግን ሩቅ ነበሩ። አራተኛው ከመስኮቴ ማዶ ካለው ጉብታ መጣ።

የመሥሪያ ቤቱን ስም እዚህ ላይ ልተወው። ሕንፃው አሁንም ቆሟል፣ እኔም አሁንም እፈራለሁ።

በዚያ ጊዜ ሞጣ ውስጥ ሰው ስም አይጠራም ነበር። "እነዚህ" እና "እነዚያ" ብቻ ነው የሚባለው፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው በቆምህበት ቦታ ነው። ስልኩ ሳምንት ይሠራል፣ ሦስት ሳምንት ይሞታል። መንገዱ ጧት ተከፍቶ ቀትር ላይ ይዘጋል። ኃላፊያችን አቶ ሙሉቀን የመጨረሻ ልጄ እኩያ ነው፤ ጨዋ ልጅ፣ ግን በር በተንኳኳ ቁጥር ይገረጣል። ሁለታችን አንድ ቢሮ ውስጥ ስንቀመጥ ማን ማንን እንደሚያጽናና አይታወቅም ነበር።

ሰኔ ላይ የአዲሱን ዓመት በጀት ሳዘጋጅ ወሬ ሰማሁ፤ የነዳጅና የተሽከርካሪ መሥመር ሁሉ ተጠራርጎ ለጸጥታ ሊሄድ ነው ተባለ። የጤና ጣቢያው አምቡላንስ ነዳጅ እኔ መሥመር ውስጥ ነበር። አንድ መኪና ናት፣ በሯ በገመድ የሚታሰር፤ ክረምት ሲገባ ግን ከገጠር ቀበሌ ወላድ የምታመጣ ሌላ የለም። ሲስተር ዘቢባ የምትባል የወሎ ልጅ ነበረች የእናቶች ክፍል ኃላፊ። በየሳምንቱ ትመጣለች።

"ጋሼ፣ የክረምቱ ነዳጅ ነገር?" ትለኛለች።

እኔም ያን ሽማግሌ መምህሬን፣ ጋሽ ድረስን፣ አስታወስሁና ልቤ አበጠ። ነዳጁን ካለበት አወጣሁና "መጋረጃ፣ ምንጣፍና የቢሮ ዕቃ" የሚለው መሥመር ውስጥ ከተትሁት። ሥራዬ አማረኝ። እውነት ለመናገር መስታወት ቢኖር ኖሮ ራሴን እስም ነበር።

"አለ፤ አታስቢ" አልኋት፣ ዓይኔን ጠቀስ አድርጌ።

"የት ነው ያለው?"

"እኔ ዘንድ።"

ሳቀችና ሄደች። የት እንዳለ አልነገርኋትም። ለሙሉቀንም አልነገርሁትም። ለምን ብትሉኝ፣ በዚያ ሰሞን ከቃል ሁሉ የሚያስፈራው ነዳጅ የሚለው ቃል ነበር። ነዳጅ ደበቀ የተባለ ሰው ቀጥሎ የሚጠየቀው "ለነማን?" ተብሎ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ወደ ሙሉቀን ክፍል እየሄድሁ በሩ ላይ ስደርስ ወደ ሽንት ቤት ታጠፍሁ። ጽዳቷ ሴትዮ "ጋሽ ታደለ፣ ስኳር ያዘዎት?" አለችኝ። አዎ አልኋት፤ ይህም ይሻል ነበር።

ነሐሴ ውስጥ ደብዳቤው መጣ። ካቢኔው ተሰበሰበ፣ እኔም እንደ ባለሙያ ጥግ ላይ ተቀመጥሁ። ከጉብታው በኩል አልፎ አልፎ ተኩስ ይሰማል፣ ማንም ያልሰማ ይመስላል። ሙሉቀን ደብዳቤውን አነበበ። የጤና አገልግሎትና የአምቡላንስ ነዳጅ በምንም ምክንያት እንዳይነካ ይላል። ቀጥሎ፣ ለጊዜው አስፈላጊ ያልሆኑ እንደ ቢሮ ማሳመሪያ፣ መጋረጃ፣ ምንጣፍና መስተንግዶ ያሉ ወጪዎች ሙሉ በሙሉ ተሰርዘው ለጸጥታ እንዲዛወሩ ይላል።

በስሙ ብጽፈው ኖሮ ይተርፍ ነበር። ያን ወሬ ማን እንዳወራው እስከዛሬ አላውቅም፤ አምኜ የሮጥሁበት እኔ መሆኔን ብቻ ነው የማውቀው።

ሙሉቀን ዝርዝሩን በጣቱ ወረደና "መጋረጃ" ብሎ ቀና አለ። "ሰዎች፣ ይህን ያህል መጋረጃ የሚያምረን በዚህ ቀን ነው?"

የጸጥታው ኃላፊ ወደኔ ዞሮ፣ "ጋሽ ታደለ ጡረታው ስለደረሰ ለቤቱ ሊሰፋበት ነው" አለ።

ተሳቀ። በዚያ ክፍል ውስጥ ሳቅ ከተሰማ ወር ሆኖት ነበርና ሁሉም አጥብቆ ሳቀ። ከሁሉ ጎላ ብዬ የሳቅሁት እኔ ነበርሁ። አፌን ከፍቼ ሳለሁ መናገር እችል ነበር፤ አፌ ተከፍቷል፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ነው፣ "ያ ነዳጅ ነው" ለማለት ሦስት ቃል ይበቃል። የጸጥታው ሰው ጠመንጃ ከወንበሩ ጀርባ ተደግፎ ይታየኛል። ሳቄን ጨረስሁና አፌን ዘጋሁ። ሙሉቀን ፈረመ። መሥመሩ ዜሮ ሆነ።

በማግሥቱ ለሙሉቀን ብቻ ልነግረው ወሰንሁ። በማግሥቱ ተኩስ ስለነበር ቢሮ አልተከፈተም። ከዚያ በኋላ ሲከፈት እሱ ስብሰባ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ እኔን አመመኝ፤ የምር አመመኝ ወይስ እንዳምም ፈለግሁ፣ አሁን መለየት አልችልም። ከሌላ መሥመር ወደ አምቡላንስ ነዳጅ የሚል የዝውውር ደብዳቤ ጽፌ መሳቢያዬ ውስጥ አኖርሁ። መሳቢያውን በቀን ሦስት ጊዜ ከፍቼ አየዋለሁ። ኃላፊ ሳይፈርምበት ወረቀት ነው፣ ለማስፈረም ደግሞ የቀድሞው ነዳጅ የት ሄደ የሚለውን መመለስ አለብኝ።

ሲስተር ዘቢባ መጣች። ነዳጅ ማደያው የመሥሪያ ቤቱን ኩፖን አልቀበልም ብሏል።

"ጋሼ፣ አለ ብለውኝ ነበር።"

"አለ። ትንሽ ቀን ስጪኝ።"

"ቀኑን የምሰጠው እኔ አይደለሁም" አለችና ቆማ አየችኝ። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ብላኝ አታውቅም።

ጳጉሜን ላይ ስልክ በሠራበት ቀን ከአንድ ቀበሌ ተደወለ። ጥሩወርቅ የምትባል ሴት ቤቷ ወልዳ ደም አልቆምላት ብሏል። አምቡላንሷ ግቢ ውስጥ ቆማ ነበር፣ ሾፌሩም ነበር፣ ነዳጅ አልነበረም። ሲስተር ዘቢባ በየቢሮው እየዞረች ሁለት ሊትር ስትለምን በመስኮት አየኋት። ወደኔ ቢሮ አልመጣችም። ጎረቤት በቃሬዛ አንሥቷት እየተቀባበለ ሲያመጣት ከተማው ሳይደርሱ አረፈች፤ ሕፃኗ ቤት ነበረች፣ ተርፋለች።

ለራሴ አንድ ነገር ነገርሁት፤ ነዳጅ ቢኖርም መንገዱ ዝግ ነበር አልሁት። ይህን እየደገምሁ ጥቂት ወር ሠራሁ። ጃንጥላና ሰዓት ተቀብዬ ወደ ቢቸና የገባሁትም ይህንኑ እየደገምሁ ነው።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ባጃጅ ደጃፋችን ላይ ቆመ። እኔ ጓዳ ገባሁ። ወይዘሮ አገር ወጥታ አነጋግራ ተመለሰች።

"ከሞጣ በኩል የመጣ ገበሬ ነው። ይበልጣል እባላለሁ ይላል" አለችኝ።

"ምን ይዟል?"

"ዱላ።"

"ዱላ ብቻ?"

"ውጣ እንጂ፤ ሰው ይታዘብሃል።"

ወጣሁ። ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ፊቱ የደረቀ ሰው ነው። ባርኔጣውን አውልቆ ተነሣልኝ። ሚስቱ ጥሩወርቅ እንደነበረች ነገረኝ። መቀመጫ በእጄ ዳሰስሁ፤ እሱ ሽማግሌ ስለሆንሁ መሰለው፣ ደግፎ አስቀመጠኝ።

"አባ፣ መኪናዋ ለምን እንደቀረች ልጠይቅ በየቢሮው ዞርሁ" አለ። "ጤና ጣቢያው ነዳጅ አልተሰጠኝም ይላል። ቢሮው ነዳጅ አልቀነስሁም ይላል። ሲስተሯ፣ በጀቱን የሚያውቀው ጡረታ ወጥቶ ቢቸና ገብቷል፣ ሂድና እሱን ጠይቀው አለችኝ። ማመልከቻም ይጽፍልሃል አለች፣ ጽሕፈቱ ያምራል ብላ።"

"ማመልከቻው ምን እንዲልልህ ነው?"

"ነዳጁ የት ሄደ የሚል። ልጅቱ ስታድግ ትጠይቀኛለች። የማይሆን ነገር ልነግራት አልፈልግም።"

ወረቀት አወጣሁ። ቀኑን ጻፍሁ። "ጉዳዩ" ብዬ ጻፍሁና እጄ ቆመ።

"መንገዱስ ያን ቀን ዝግ አልነበረም?" አልሁት። እዚህ ላይ እንኳ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ መውጫ ስፈልግ ነበር።

"ክፍት ነበር። እኛ ቃሬዛ ይዘን ስንሄድ የእህል መኪና አልፎናል።"

ያኔ ነገርሁት። ለማሳመር አልሞከርሁም፣ ጋሽ ድረስንም አልጠራሁም። ደብቄው ነበር፣ ስሙን መጋረጃ ብዬው ነበር፣ ሲሰርዙት እዚያው ነበርሁ፣ ፈራሁና ዝም አልሁ፣ ሳቅሁም አልሁት። ሳቅሁ የሚለው ነው ለመናገር ያስቸገረኝ።

ይበልጣል ዱላውን ከጉልበቱ ላይ አንሥቶ መሬት ላይ አጋደመው። እኔ ዱላውን እያየሁ ነበር።

"ማንን ነው የፈሩት?" አለ በመጨረሻ።

"ሁሉንም።"

"አሁንስ?"

"አሁንም።"

"እንግዲያው ይጻፉት" አለ። "እኔ ማንበብ አልችልም። ሲፈርሙ ግን አያለሁ።"

ጻፍሁ። ማመልከቻ መሆኑ ቀርቶ የእኔ ቃል ሆነ። ሁለት ጊዜ ድምፄን ከፍ አድርጌ እንዳነብለት አዘዘኝ። "የአንዲት እናት ሕይወት" የሚለውን ሲሰማ አስቆመኝና "ስም አላት" አለ። ሰርዤ ጥሩወርቅ ብዬ ጻፍሁ። በሁለት ቅጂ ገለበጥሁት። ፈረምሁ።

"ይህን ብቻዬን ብወስደው ይቀበሉኛል?" አለ።

አይቀበሉትም ነበር። የጃጀ ጡረተኛ ቅዠት ነው ብለው ይመልሱታል። ይህን አውቃለሁ፤ እኔም በጊዜዬ ስንቱን እንዲህ እያልሁ መልሻለሁ። መንገዱ አያስተማምንም፣ ጉልበቴ እንዲህ ነው፣ ስኳሬም አለ ብዬ ጀመርሁ። ወይዘሮ አገር ለካ ከበሩ ኋላ ሆና ሰምታለች። ኮቴን ይዛ ገባች።

"ስኳር የለብህም" አለች። "ልበስ።"

ለበስሁ፤ አውቶቡሱ የጧት ብቻ ስለሆነ ግን በማግሥቱ ሄድን። ደብረ ወርቅን አልፈን ኬላ ላይ አስቆሙን፣ ወረድን፣ ተፈተሽን። የታጠቀው ልጅ የኪሴን ወረቀት ገልጦ አየና "ምንድን ነው ይህ?" አለኝ።

"የምስክርነት ቃል ነው።"

"በማን ላይ?"

"በራሴ።"

ከላይ እስከ ታች አየኝና ጓደኛውን ጠርቶ አሳየው። "እኒህ ሽማግሌ ራሳቸውን ሊከሱ ነው የሚሄዱት" አለው። ጓደኛው ልቀቃቸው በሚል ዓይነት እጁን አወዛወዘ። ተመልሰን ስንቀመጥ እግሬ መንቀጥቀጡን አላቆም ስላለ ይበልጣል እጁን ጉልበቴ ላይ አኖረልኝ። እስክንደርስ አላነሣውም። ለረዳቱ ሒሳብ ልሰጥ ስል ደግሞ ለካ ይበልጣል ለሁለታችንም ቀድሞ ከፍሏል።

ሞጣ ደርሰን ቢሮ ስንገባ ሙሉቀን ተነሥቶ አቀፈኝ። ወረቀቱን ሲያነብ ተቀመጠ። በሩን ሄዶ ዘጋና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

"ጋሼ፣ ይህን ከተቀበልሁ እኔም አለሁበት። የፈረምሁት እኔ ነኝ" አለኝ።

"ሳታውቅ ነው የፈረምኸው። እሱም ተጽፏል።"

"የጸጥታው ሰውዬ እንዴት እንደሚያነበው ያውቃሉ? ነዳጅ ደበቁ ነው የሚለው። አይጠይቅዎትም መሰለዎት ለማን ብሎ? ይተዉት። እኔ ለዚህ ሰው አሳዝኖናል የሚል ደብዳቤ እጽፍለታለሁ።"

እውነቱን ልናገር፣ ይተዉት ሲለኝ ደስ አለኝ። ሰውነቴ ሁሉ እሺ በል አለኝ። እሺ ማለት እንደምችልበት ነግሬያችኋለሁ። ስንንሾካሾክ ይበልጣል ምን እንደምንባባል አልሰማም፤ ፊቴን ብቻ ነበር የሚያየው።

"ማህተም ምታበት" አልሁ። ድምፄ የሴት ልጅ ድምፅ ሆኖ ነው የወጣው።

ሙሉቀን ትንሽ ጠበቀኝ። ምናልባት ሐሳቤን እንድለውጥ ነበር። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ ማህተሙን አወጣና በሁለቱም ቅጂ ላይ አሳረፈው፣ ገቢ ተብሎም በመዝገብ ተጻፈ። አንዱን ቅጂ ይበልጣል ተቀበለው። ማህተሙ እስኪደርቅ እፍ አለበትና አራት ቦታ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ይህ ከሆነ አራት ወር አልፎታል። ይጠሩኛል ብዬ ስንቅ አስቋጥሬ ነበር፤ ስንቁን እኔው በላሁት። ማንም አልጠራኝም። ወረቀቱ የት እንዳለ አላውቅም፤ መዝገብ ቤት ተኝቶ ይሁን አንድ ሰው እያነበበው፣ ሁለቱም እኩል ያስፈራኛል። ይበልጣል ግን ስልክ በሠራ እሑድ ሁሉ ይደውላል። ልጅቱ መቆም ጀምራለች ይለኛል፣ ዝናቡን ይነግረኛል፣ ከዚያ ይጠይቀኛል።

"ጠሩዎት?"

"አልጠሩኝም።"

"ይጠሩዎታል፤ እኔም እየሄድሁ አስታውሳቸዋለሁ" ይላል። "ሲጠሩዎት ይንገሩኝ፣ መጥቼ አብረን እንሄዳለን።"

እሺ እለዋለሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለረጅም ጊዜ እጄ ላይ ይዤው እቀመጣለሁ።